አጽንቶ መያዝ፦ የኮምፒውተር ሰርኪዩት ሰሌዳ ድጋፍ ፊዚክስ

መግቢያ

አንድ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ተጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር ይጓዛል እንበል። ከመነሣቱ በፊት ተፈትሾ በሚገባ ይሠራ ነበር። በኮረኮንች መንገድ ብዙ ሰዓት ተጉዞ ሲደርስ ግን አይነሣም፤ ወይም ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ሣጥኑ ሲከፈት የተቃጠለ ክፍል የለም፤ የተበጠሰ ሽቦም አይታይም። የጥገና ባለሙያው ማዘርቦርዱን በአንድ ጥግ በጣቱ ጫን ሲለው ይሠራል፤ ጣቱን ሲያነሣ ይቆማል።

ይህን የመሰለ ብልሽት ለማንኛውም የኮምፒውተር ባለሙያ እንግዳ አይደለም። መነሻው ግን የኤሌክትሮኒክስ ሳይሆን የመካኒክስ ነው። በጣት ሲጫን የሚሠራ ሰሌዳ የሚነግረን ነገር ቢኖር አንድ መጋጠሚያ እንደ ተሰነጠቀ፣ ሰሌዳው ጎበጥ ሲል ስንጥቁ እንደሚገጥም፣ ሲቃና ደግሞ እንደሚለያይ ነው። ታዲያ መጀመሪያውኑ ሰሌዳውን ማን አጎበጠው? ሰሌዳውን የያዙት ብሎኖችና ምሰሶዎች ይህን መከላከል አልነበረባቸውምን?

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው «አጽንቶ መያዝ» ሲባል «አጥብቆ ማሰር» ይመስለዋል። ከዚህ በታች እንደምናየው ግን ጽኑ ድጋፍ ማለት አብዝቶ የጠበቀ ድጋፍ አይደለም። ጽኑ ድጋፍ ማለት ሰሌዳው እንዳይጎብጥ የሚያደርግ ድጋፍ ነው። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይስማማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ይቃረናሉ። ለመረዳት የሚያስፈልገው ፊዚክስ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ከሚሰጠው ብዙም አያልፍም።

ሰሌዳው ምንድን ነው? የሚሰበረውስ ምኑ ነው?

በቀድሞዎቹ ሬዲዮኖች ውስጥ ክፍሎቹ በብረት ላሜራ ላይ እየታሰሩ እርስ በርሳቸው በሽቦ ይያያዙ ነበር። ሸክሙን የሚችለው ላሜራው፣ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ደግሞ ሽቦው ነበር። ትውልዱ ኦስትሪያዊ የሆነው መሐንዲስ ፖል አይስለር እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ውስጥ በታተመ ሰርኪዩት የሚሠራ ሬዲዮ ከሠራ ወዲህ ግን ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ ተደረቡ። የዛሬው ሰርኪዩት ሰሌዳ ሽቦም ነው፤ ወለልም ነው። ስለዚህ ወለሉ ሲጎብጥ ሽቦውም አብሮ ይጨነቃል።

አብዛኛው ሰሌዳ የሚሠራው ኤፍአር-4 ከሚባል ቁስ ነው። ይህም በኤፖክሲ ሙጫ የተያያዘ የብርጭቆ ክር ጨርቅ ነው። የተለመደው ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የያንግ ሞዱለሱም 20 ጊጋ ፓስካል ገደማ ነው። ይህ ከብረት አንድ አሥረኛ ያህል መሆኑ ነው። ቁሱ ራሱ በቀላሉ አይሰበርም። ሰሌዳን በእጅ ጎበጥ አድርጎ መልቀቅ ይቻላል፤ ተመልሶ ይቃናል። የሚሰበሩት በላዩ ላይ የተቀመጡት ናቸው።

ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ሰሌዳ ሲጎብጥ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፤ የውስጡ ይጨመቃል። የገጹ ልጠት በአንጻራዊ መጠን ሲገለጽ፣ የውፍረቱ እኩሌታ ለጉብጠቱ ራዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሰሌዳው 2 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ቅስት ልክ ቢጎብጥ ጉብጠቱ በዓይን እምብዛም አይታይም። ልጠቱ ግን 0.8 ሚሊ ሜትር ለ2000 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 0.0004 ይሆናል። በዚህ ገጽ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቺፕ ቢኖር፣ ከሥሩ ያለው ሰሌዳ በ0.014 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ቺፑ ግትር ስለሆነ አብሮ አይለጠጥም፤ አብሮም አይጎብጥም። ልዩነቱን የሚሸከሙት በመካከል ያሉት፣ እያንዳንዳቸው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ የሶልደር እንክብሎች ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚጎዱትም ከመካከል የራቁት፣ ማለትም በቺፑ ማዕዘናት ላይ ያሉት ናቸው።

ከሶልደሩ ሌላ በቀላሉ የሚጎዱት የሴራሚክ ካፓሲተሮች ናቸው። ሴራሚክ እንደ ሸክላ ነው፤ ጭነትን ይችላል፣ ልጠትን ግን አይችልም። በብሎን ቀዳዳ አጠገብ የተቀመጠ ትልቅ የሴራሚክ ካፓሲተር ብሎኑ ሲጠብቅ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ፣ ከወራት በኋላ ግን አጭር ዙር ፈጥሮ ሰሌዳውን እስከ ማቃጠል ሊያደርስ ይችላል።

ጉዳዩ ትላልቅ አምራቾችንም አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ በቀረበው አይፎን 6 ፕላስ ስልክ ላይ የንክኪ መስተዋቱ ሥራውን የሚያቆምበት ብልሽት በስፋት ታይቶ ነበር። በ2016 አፕል ለዚህ ብልሽት በ149 ዶላር የሚከናወን የጥገና መርሐ ግብር አወጣ። ኩባንያው በወቅቱ እንደ ገለጸው ብልሽቱ የሚደርሰው ስልኩ በጠንካራ ነገር ላይ ደጋግሞ ወድቆ ተጨማሪ ጫና ሲደርስበት ነው። ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ጠጋኞች ደግሞ የስልኩ ገላ በመተጣጠፉ ምክንያት የንክኪ ቺፖቹ ሶልደር ይሰነጠቃል ይሉ ነበር። በሁለቱም አገላለጥ የተጎዳው ሰሌዳው ሳይሆን በሰሌዳው ላይ ያለው መጋጠሚያ ነው።

ንዝረትና ሬዞናንስ

አንባቢው አንድ ማስመሪያ ወስዶ ግማሹን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በእጁ አጥብቆ ይያዝ፤ የቀረውን ጫፍ በጣቱ መትቶ ይልቀቀው። ማስመሪያው በራሱ ድግግሞሽ ይርገበገባል። ወደ ውጭ የወጣውን ክፍል ርዝመት በግማሽ ቢያሳጥረው ድግግሞሹ በአራት እጥፍ ይጨምራል። ይህ የሚሆነው የሚጎብጥ ነገር የተፈጥሮ ድግግሞሽ ከርዝመቱ ካሬ ጋር በተቃራኒ ስለሚመጣጠን ነው። የድጋፍ ንድፍ ዋነኛ ሕግ በዚህ ትንሽ ሙከራ ውስጥ ይገኛል።

ጠርዞቹ ሁሉ ለተደገፉ አራት ማዕዘን ሰሌዳ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ድግግሞሽ በሚከተለው ቀመር ይሰላል፦

ድግግሞሽ = 1.57 × √(ግትርነት ÷ የአንድ ካሬ ሜትር መጠነ ቁስ) × (1 ÷ ርዝመት² + 1 ÷ ስፋት²)

እዚህ ላይ ግትርነት ከያንግ ሞዱለስና ከውፍረቱ ኩብ የሚገኝ ሲሆን፣ ለ1.6 ሚሊ ሜትር ኤፍአር-4 ወደ 7 ኒውተን-ሜትር ይጠጋል። አሁን ኤቲኤክስ የሚባለውን የማዘርቦርድ ዓይነት እንውሰድ። ይህ ደረጃ በኢንቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሲሆን የሰሌዳው መጠን 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው። ሰሌዳው ከነክፍሎቹ 450 ግራም ያህል ቢመዝን ለአንድ ካሬ ሜትር 6 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። እነዚህን ቁጥሮች ስንተካ ድግግሞሹ 47 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። የተደገፉት አራቱ ማዕዘናት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ከዚህ ሲሶ ወደሚያህል ዝቅ ይል ነበር።

47 ሄርዝ ጥሩ ቁጥር ነውን? አይደለም። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። ሞተሩ በደቂቃ 1400 ዙር ሲዞር በሰኮንድ ወደ 47 ጊዜ ያቀጣጥላል ማለት ነው። ስለዚህ በሚኒባስ ወለል ላይ የተጫነ ኮምፒውተር፣ ሞተሩ በዚያ ፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ማዘርቦርዱ በራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ይነካካል። ይህም ሬዞናንስ የምንለው ነው። ልጅን በዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው በየዙሩ በትክክለኛው ቅጽበት ሲገፋ ዥዋዥዌው ከፍ እያለ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ትንሽ ንዝረትም በሬዞናንስ ላይ ይጎለብታል።

ምን ያህል ይጎለብታል? በዚህ መስክ ታዋቂ መጽሐፍ የጻፈው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዴቭ ስታይንበርግ ለሰርኪዩት ሰሌዳዎች ያስቀመጠው ግምታዊ ሕግ፣ ማጉያው ከድግግሞሹ ካሬ ሥር ጋር ይቀራረባል ይላል። ለ47 ሄርዝ ይህ 7 ገደማ ነው። ወለሉ ከመሬት ስበት ጋር እኩል በሆነ ፍጥንጥነት ቢነቃነቅ፣ የሰሌዳው መካከል በ7 እጥፍ ፍጥንጥነት ይንቀሳቀሳል። የመፈናቀሉ መጠን ደግሞ ፍጥንጥነቱ ለማዕዘናዊ ድግግሞሹ ካሬ ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ በሰኮንድ 47 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መሆኑን እናስታውስ። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ አሥር ደቂቃ ብቻ በዚህ ሁኔታ ላይ ቢቆይ ሰሌዳው 28,000 ጊዜ ያህል ይጎብጣል። ሽቦን ደጋግሞ በማጠፍ የበጠሰ ሰው ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቃል።

ድጋፍ ሲጨመር

አሁን በሰሌዳው መካከል ምሰሶዎች እንጨምርና ያልተደገፈውን ርቀት በርዝመትም በስፋትም በግማሽ እንቀንስ። እንደ ማስመሪያው ሁሉ ድግግሞሹ በአራት እጥፍ አድጎ 187 ሄርዝ ገደማ ይደርሳል። ማጉያው ወደ 14 ቢጨምርም መፈናቀሉ ከ0.8 ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በስምንት እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ኤቲኤክስ ሰሌዳ ከማዕዘናቱ ሌላ በመካከሉም የብሎን ቀዳዳዎች ያሉት ስለዚህ ነው። «አራቱን ማዕዘን ካሰርኩ ይበቃል» ብሎ የመካከሉን ብሎን የሚተው ሰው ከሁሉ የሚያስፈልገውን ይተዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። የሚጎዳው መፈናቀሉ ሳይሆን ጉብጠቱ ነው ብለናል። ጉብጠት ደግሞ ከመፈናቀሉ ጋር ብቻ ሳይሆን ካልተደገፈው ርቀት ካሬ ጋርም ይያያዛል። መፈናቀሉ በስምንት እጥፍ ሲቀንስ ርቀቱም በግማሽ ስላጠረ፣ ጉብጠቱ የሚቀንሰው በሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ይህ ትርፍ ትንሽ አይደለም፤ የብረታ ብረት ድካም ከልጠቱ ጋር እጅግ በፍጥነት ስለሚጨምር ልጠቱን በግማሽ መቀነስ የመጋጠሚያውን ዕድሜ ብዙ እጥፍ ያራዝማል። ሆኖም ምሰሶን እንዲሁ በብዛት መደርደር የሚታሰበውን ያህል እንደማይረዳ ያሳያል። ዋናው ነገር ብዛቱ ሳይሆን ቦታው ነው፤ ከከባድ ክፍሎች አጠገብና ገመድ ከሚሰካባቸው ሶኬቶች ጀርባ።

ስታይንበርግ ሌላም ጠቃሚ ሕግ አለው። የሰሌዳው ድግግሞሽ ከሣጥኑ ድግግሞሽ ቢያንስ በሁለት እጥፍ ሊለይ ይገባል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ሣጥኑ ያጎላውን ሰሌዳው መልሶ ያጎላዋል፤ ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ ይሆናል። ስለዚህ ቀጭን ላሜራ ላይ የቆመ ወፍራም ምሰሶ ሥራውን በግማሽ የሠራ ነው።

የሦስቱ ጉልቻ ትምህርት

እስካሁን «ድጋፍ ይጨመር» ስንል ቆየን። አሁን ደግሞ የተጨመረው ድጋፍ ራሱ እንዴት ጠላት እንደሚሆን እንመልከት።

ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ጉልቻዎቹ እኩል ባይሆኑም እንኳ አይንገዳገድም፤ ዘንበል ይል ይሆናል እንጂ። አራተኛ ጉልቻ ቢጨመር ግን አራቱ ፍጹም እኩል ካልሆኑ በስተቀር አንዱ ሁልጊዜ ሥራ ፈት ነው። ምክንያቱ የጂኦሜትሪ ነው፤ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠለል ይወስናሉ፤ አራተኛው ነጥብ በዚያ ጠለል ላይ የሚገኘው በአጋጣሚ ወይም በጥንቃቄ ብቻ ነው። የቤት እመቤቶች ከጂኦሜትሪ መምህራን አስቀድመው ይህን ያውቁ ነበር።

ድስቱ ግትር ስለሆነ አራተኛው ጉልቻ ቢያንስ ጉዳት የለውም። ሰርኪዩት ሰሌዳ ግን ይጎብጣል፤ ብሎንም አለው። ከአራቱ ምሰሶዎች አንዱ በ0.5 ሚሊ ሜትር ቢያጥር፣ ካቻቪቴ የያዘው ሰው ብሎኑን እያጠበቀ ሰሌዳውን ወደ አጭሩ ምሰሶ ይጎትተዋል። ክፍተቱ ይዘጋል፤ ሥራው ያማረ ይመስላል። በእውነቱ ግን ሰሌዳው ተጣሞ ታስሯል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንኳ፣ መጋጠሚያዎቹ በጭንቀት ላይ ናቸው።

የብሎንን ጉልበት ብዙዎች ዝቅ አድርገው ይገምታሉ። ዲያሜትሩ 3 ሚሊ ሜትር የሆነን ብሎን በ0.5 ኒውተን-ሜትር ብናጠብቅ፣ ይህም ትንሽ ካቻቪቴ በእጅ የሚያመነጨው ጥምዘዛ ነው፣ በተለመደው የሰበቃ ግምት መሠረት ብሎኑ የሚፈጥረው ጭነት፦

0.5 ÷ (0.2 × 0.003) = 833 ኒውተን

ይህ የ85 ኪሎ ግራም ሰው ክብደት ነው። ሰሌዳን በጣት የምንጠመዝዝ የሚመስለን በእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ጎልማሳ ሰው እያቆምን ነው። ምሰሶዎቹ እኩል ከሆኑ ይህ ኃይል በቀጥታ በምሰሶው ውስጥ ያልፋል፤ ሰሌዳው አይጎዳም። እኩል ካልሆኑ ግን የሚጣመመው ሰሌዳው ነው።

በሌላ በኩል ሰሌዳው ራሱም ከፋብሪካ ፍጹም ጠፍጣፋ ሆኖ አይወጣም። በገጹ ላይ ለሚሰፉ ክፍሎች በተዘጋጁ ሰሌዳዎች ላይ በተለመደው ደንብ የሚፈቀደው ጉብጠት ከርዝመቱ 0.75 በመቶ ነው። ለ200 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ይህ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የትክክለኛነት መሣሪያ ሠሪዎች፣ ንዝረት በሌለበት ቦታ፣ ትንንሽ ሰሌዳዎችን በሦስት ነጥብ ብቻ መያዝን ይመርጣሉ። ንዝረት ባለበት ደግሞ ተጨማሪ ነጥቦች ግድ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ የምሰሶዎቹ ቁመት እኩልነት ከብዛታቸው የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ብሎኖቹም በመጀመሪያ ሁሉም ላላ ተደርገው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ በተቃራኒ ማዕዘናት ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ።

ሙቀት ሲገባበት

ሦስተኛው ባላጋራ ሙቀት ነው። ኤፍአር-4 በአንድ ዲግሪ ሴልሽየስ ከርዝመቱ 16 ሚሊዮንኛ ያህል ይሰፋል። የብረት ሣጥን 12፣ አሉሚኒየም ደግሞ 23 ሚሊዮንኛ ይሰፋል። ሲሊከን 2.6 ብቻ ነው። 305 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ በብረት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሁለቱም በ40 ዲግሪ ቢሞቁ ሰሌዳው ከሣጥኑ በ0.05 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህ ከአንድ ወረቀት ውፍረት እኩሌታ አይበልጥም።

«ይህማ ምንም አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንግዲህ ሁለቱ ጫፎች ፈጽሞ እንዳይንሸራተቱ ሆነው ተይዘው መካከሉ ባይደገፍ ምን እንደሚሆን እናስላ። ትርፉ ርዝመት መሄጃ ሲያጣ ሰሌዳው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይቀሰታል። ቅስቱ የሳይን ቅርጽ ቢኖረው ከፍታው በሚከተለው ይገኛል፦

ከፍታ = (2 ÷ 3.14) × √(ርዝመት × ትርፍ ርዝመት)

ውጤቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የ0.05 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሃምሳ እጥፍ የሆነ ቅስት ወለደ! ኮምፒውተሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሰሌዳው እንደ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

በእውነተኛው ዓለም ይህ በሙሉ የማይሆነው ንድፍ አውጪዎች ለሰሌዳው መንሸራተቻ ስለሚተዉለት ነው። በኤቲኤክስ ሰሌዳ ላይ ያለው ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሚገባበት ብሎን ግን 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ክፍተት የሠራተኛ ስንፍና ሳይሆን ለሙቀት የተተወ መንገድ ነው። ይበልጥ የተጣራው ዘዴ ደግሞ አንዱን ቀዳዳ ልክ በብሎኑ መጠን ክብ ማድረግ፣ ሁለተኛውን ወደ አንደኛው አቅጣጫ ሞላላ ማድረግ፣ የቀሩትን ማስፋት ነው። በዚህም አንደኛው ቀዳዳ የሰሌዳውን ቦታ ይወስናል፤ ሁለተኛው እንዳይዞር ይከለክላል፤ የቀሩት ወደ ታች ብቻ ይይዛሉ። ሰሌዳው ቦታውን ሳይለቅ ይሰፋል፤ ይጠብባል።

ነገር ግን የሙቀትን ጥፋት ሁሉ በድጋፍ ላይ መጫን አይገባም። ለዚህ የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ይህ የጨዋታ ኮምፒውተር በከፍተኛ ቁጥር ይበላሽ ስለ ነበር ኩባንያው በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መደበ። ብዙ ጠጋኞች ጥፋቱን የሰጡት ሂትሲንኩን ከሰሌዳው ጋር ለሚያጣብቀው ባለ አራት ክንድ መያዣ ነበር። ሰሌዳውን ያጎብጠዋል ብለው በብሎንና በሮንዴላ ይተኩት ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ግን መሐንዲሶቹ እንዳስረዱት ዋናው መንስኤ በቺፑ ውስጥ ያሉ መጋጠሚያዎች በተደጋጋሚ መሞቅና መቀዝቀዝ መሰንጠቃቸው ነበር። ቺፑ ከተቀመጠበት ንጣፍ ጋር እኩል ስለማይሰፋ የሚመጣውን ጭንቀት የትኛውም የውጭ መያዣ ሊያስወግደው አይችልም። ንድፍ አውጪ የድጋፉን ኃላፊነት ማወቅ ያለበትን ያህል የድጋፉንም ወሰን ማወቅ አለበት።

ከባድ ክፍሎች

በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ከከባዶቹ ክፍሎች አንዱ የፕሮሰሰሩ ሂትሲንክ ነው። አንዳንዶቹ ከነፋናቸው ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋሉ። ሣጥኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ማዘርቦርዱ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ሂትሲንኩም ከግድግዳው ላይ ወደ ጎን ይንጠለጠላል። 0.8 ኪሎ ግራም የሚመዝንና የክብደት ማዕከሉ ከሰሌዳው 8 ሴንቲ ሜትር የራቀ ሂትሲንክ በሰሌዳው ላይ 0.63 ኒውተን-ሜትር ጥምዘዛ ያሳርፋል። ይህ ቆሞ ሳለ ነው። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ፍጥንጥነቱ አምስት እጥፍ ቢሆን ጥምዘዛው ከ3 ኒውተን-ሜትር ያልፋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከሰሌዳው ጀርባ ጠንካራ የብረት ሳህን አድርጎ ሂትሲንኩን በሰሌዳው ቀዳዳዎች በኩል ከሳህኑ ጋር ማሰር ነው። ያን ጊዜ ጥምዘዛውን የሚሸከመው ሳህኑ ነው። ሁለተኛው ምንም ወጪ የለበትም፤ ኮምፒውተሩ በሚጓጓዝበት ጊዜ ማዘርቦርዱ ከታች ሆኖ ሂትሲንኩ ወደ ላይ እንዲቆም ሣጥኑን በጎኑ ማስተኛት ነው። ጥምዘዛው ወደ ቀጥተኛ ጭነት ይለወጣል። በመግቢያችን ያነሣነው ኮምፒውተር በዚህ ሁኔታ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ በደኅና የመድረሱ ዕድል ይበልጥ ነበር።

ጎማ መፍትሔ ነውን?

«ከሥሩ ጎማ ወይም ስፖንጅ ማድረግስ?» የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ዘወትር ያነሣሉ። ጎማ እንደ ሞላ ነው፤ የራሱ ድግግሞሽ አለው። ንዝረትን የሚቀንሰው ከዚያ ድግግሞሽ 1.4 እጥፍ በላይ ለሆነው ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች አይረዳም፤ በራሱ ድግግሞሽ ላይ ደግሞ ያጎላዋል። የ10 ሄርዝ ጎማ ከ14 ሄርዝ በላይ ያለውን የሞተር ንዝረት በደንብ ይቀንሳል። ሆኖም የከባድ መኪና ጎማና አክስል ከ10 እስከ 15 ሄርዝ አካባቢ ይነጥራሉ፤ ስለዚህ ያው ጎማ በኮረኮንች መንገድ ላይ ሊያባብስ ይችላል። በተጨማሪም ጎማ መወዛወዣ ቦታ ይፈልጋል፤ ሰሌዳው ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ባይኖር ይሻል ነበር። ባጠቃላይ ጎማን በሰሌዳው ሥር ከማድረግ ሰሌዳውን ከሣጥኑ ጋር በግትርነት አስሮ ጎማውን በሣጥኑ ሥር ማድረግ ይመረጣል።

ለተማሪ ንድፍ አውጪዎች

የመመረቂያ ፕሮጀክት ወይም የቤተ ሙከራ መሣሪያ የሚሠራ ተማሪ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢጠብቅ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

አንደኛ፣ መሣሪያው የት እንደሚውል ይወሰን፤ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ የእኩልነትና የሙቀት ጉዳይ፣ በተሽከርካሪ ላይ ለሚውል ደግሞ የንዝረት ጉዳይ ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ድግግሞሹ በቀመሩ ይገመት። 85 በ56 ሚሊ ሜትር የሆነው ራስፕቤሪ ፓይ የመሰለ ትንሽ ሰሌዳ በአራት ብሎን ብቻ ሲያዝ በመቶዎች ሄርዝ የሚቆጠር ድግግሞሽ ስላለው ተጨማሪ ምሰሶ አያሻውም። የእንዲህ ያለው ሰሌዳ ጠላት የሚሰካበት ገመድ ነው፤ ገመዱ ከሶኬቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ከሣጥኑ ጋር ይታሰር።

ሦስተኛ፣ ምሰሶዎቹ ሁሉ ከአንድ ዘንግ በአንድ ልክ ይቆረጡ ወይም ተመሳሳይ የናስ ምሰሶዎች ይገዙ። ሰሌዳው ያለ ብሎን ምሰሶዎቹ ላይ ይቀመጥና በእያንዳንዱ ማዕዘን ሥር ወረቀት ይሞከር። የተራ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ወረቀት በአንድ ወገን ከገባ ምሰሶው በቀጭን ሮንዴላ ይስተካከል፤ በብሎን ጉልበት አይሞላ።

አራተኛ፣ ቀዳዳ በሌለበት ሥፍራ የብረት ምሰሶ እንዳይቀር ይታይ፤ የሰሌዳውን የታችኛ መስመሮች አገናኝቶ አጭር ዙር ይፈጥራልና።

አምስተኛ፣ ከብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ሴራሚክ ካፓሲተርና ትልቅ ቺፕ ይራቅ።

ማጠቃለያ

የሰሌዳ ድጋፍ ሦስት ጌቶች አሉት። ንዝረት «ያዘው» ይላል፤ ሙቀት «ልቀቀው» ይላል፤ ጂኦሜትሪ ደግሞ «አታጣምመው» ይላል። ንድፍ አውጪው የሦስቱንም ድምፅ በአንድ ጊዜ መስማት ያለበት ሲሆን፣ የሚዳኝበትም መለኪያ አንድ ነው፤ ሰሌዳው ይጎብጣል ወይስ አይጎብጥም? ካቻቪቴ ያነሣ ሰው ከማጥበቁ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ብዙ ኮምፒውተሮች ከጥገና ቤት ደጃፍ ይተርፋሉ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ለአንድ ካሬ ሜትር 6 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 200 በ150 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠርዞቹ ሁሉ የተደገፉ ሰሌዳ የተፈጥሮ ድግግሞሹ ስንት ነው? (መልስ፦ 118 ሄርዝ ገደማ።) በየትኛው የሞተር ዙር ላይ ሬዞናንስ ይገጥመዋል?

2. የሰሌዳው ውፍረት ከ1.6 ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ግትርነቱ በስንት እጥፍ ያድጋል? ድግግሞሹ ለምን በዚያው እጥፍ አያድግም?

3. በጽሑፉ የተሰላው የሰሌዳ ቅስት በብረት ሣጥን ላይ የተመሠረተ ነው። ሣጥኑ አሉሚኒየም ቢሆንና ሁለቱም በ40 ዲግሪ ቢሞቁ ሰሌዳው ይቀሰታል ወይስ ይለጠጣል? ሲቀዘቅዙስ?